ዘጠና ሁለት ላሜራ

እትዬ አንጓች ማረፋቸውን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ከጉንደ ወይን ደውላ፣ «ትናንት አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ስልካቸው ላይ ስምዎን አግኝቼ ነው» አለችኝ። ነፍስ ይማር ሳልል መስመሩ ተቋረጠ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ወርክሾፑን ዘጋሁና ወደ መናኸሪያ እየሮጥኩ ለሲስተር ጥሩወርቅ ደወልኩላት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ እትዬ አንጓችን ታውቃቸዋለች። እሷም ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ከደብረ ማርቆስ ጉንደ ወይን ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ግን አላውቅም።

ከእትዬ አንጓች ጋር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የመረቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ዋሽቻቸው ነው የተመረቅሁት።

ወርክሾፑ የታላቅ ወንድሜ ነበር፤ እሱ ከተማ ሲለቅ ለእኔ ቀረ። የተቃጠለ ሞተር እንጠመጥማለን፣ የወፍጮ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ እናድሳለን፣ ስታብላይዘር እንጠግናለን። እኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ረጅም፣ ከሲታ ሴትዮ ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆሙ። ደንበኛ መስለውኝ ምን ልታዘዝ አልኳቸው። ሥራ ፈልጌ ነው አሉኝ። ምን እንደሚችሉ ብጠይቃቸው፣ «ላሜራ መቁረጥ» አሉ።

ሳቄ መጣ። ላሜራ መቁረጥ መቀስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው። እሳቸው ግን ከአሮጌ ትራንስፎርመር ፈታተን ከጣልነው ክምር አንዱን ላሜራ አነሡ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አዩት፤ ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ሆድ በላዩ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። «ይኼ ወዴት ነው የተዳመጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው አልገባኝም። «አየህ፣ ይኼን ሳታውቅ ነው የምትቆርጠው» አሉኝ። በማግስቱ ሥራ ጀመሩ።

ሌላ ከተማ ውስጥ ትራንስፎርመር በሚሠራ ፋብሪካ ብረት መቁረጫው ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተው፣ የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ነበር ወደ አገራቸው የተመለሱት። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ከመሐል የለም። ማሽን ነው የቆረጠው። ማንም ሳይጠይቃቸው ጣቱን እያሳዩ፣ «ስንፍና መጀመሪያ የሚበላው ጣት ነው» ይሉ ነበር። ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉት። ሥራዬ ከጣማቸው «ልክ ነው» ይላሉ፤ ካልጣማቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከስድብ ይከብዳል።

ስለ ላሜራ ያስረዱኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የትራንስፎርመር ላሜራ እንደ በርና መስኮት ላሜራ አይደለም። ሲሊከን የሚባል ነገር የተቀላቀለበት ብረት ነው። መጀመሪያ በትኩሱ፣ በኋላም ቀዝቅዞ፣ በከባድ የብረት መዳመጫዎች መሐል እየተጨመቀ እንደ ወፍራም ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ብረቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች በዚህ ሁሉ ሲያልፉ በተዳመጡበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ማግኔቱ በዚያ መስመር ሲሄድ እንደ ጥርጊያ መንገድ ይቀለዋል። አግድም እንዲሄድ ካስገደድከው ይታገላል፤ ትግሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመቁረጣቸው በፊት እያንዳንዱ ላሜራ ላይ የተዳመጠበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት በጠመኔ ይሠሩ ነበር። መዶሻ እንዳይነካው፣ እንዳይታጠፍም ይጠነቀቃሉ። የተመታ ላሜራ መልኩ ቢስተካከልም ውስጡ እንደ ድሮው አይሆንም ይላሉ።

አላመንኳቸውም። ይኼን ያህል ልዩነት የለውም ብዬ ተከራከርኳቸው። ሳይመልሱልኝ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ሠሩ። ሽቦው አንድ፣ ዙሩ አንድ፣ ላሜራውም ከአንድ ብረት የወጣ ነው፤ አንዱ ግን በቀስቱ፣ ሌላው ከቀስቱ አግድም የተቆረጠ። መብራት ላይ ሰክተዋቸው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና እጄን በሁለቱም ላይ እንዳሳርፍ አዘዙኝ። በአንዱ ላይ እጄን አቆየሁት። ከሌላው ላይ ወዲያው አነሣሁት። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ያደረግሁት ሳላውቅ አይደለም።

በአምስተኛው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ መንገድ ተዘጋ። መኪና ከየትም አይገባም፣ ዕቃም አይመጣም። መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም አንዴ ደክሞ፣ አንዴ ከልክ በላይ በርትቶ ነው። እንዲህ ባለው ሳምንት ነው ሲስተር ጥሩወርቅ የመጣችው። ያን ጊዜ የምትሠራው ከደምበጫ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በባጃጅ፣ የተቃጠለ ትልቅ ስታብላይዘር ይዛ ደረሰች። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሦስት ሕፃናት አሉ። የሚሞቁበት ሁለት ማሞቂያ አለ። ጉልበቱ የሚዋዥቀው መብራት ማሞቂያዎቹን እንዳያቃጥል የሚጠብቀው ይኼ ስታብላይዘር ነበር፤ እሱ ከሌለ ሊያበሯቸው አልደፈሩም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በየተራ ያሞቋቸዋል። ከሦስቱ አንዱ በጣም ትንሽ ነው አለች።

በሦስተኛው ቀን ትወስጂዋለሽ አልኳት። እትዬ አንጓች ቀና ብለው አዩኝ።

ስንፈታው የተቃጠለው ሽቦው ብቻ አልነበረም። ሽቦው የሚጠመጠምበት የላሜራ ቁልልም አርሮ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ይኼ ቁልል ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ አለው፤ እንደ በር ፍሬም ማለት ነው። ሁሉም እንደ አዲስ መቆረጥ ነበረበት። ያለንን ላሜራ ሁሉ ሰበሰብን። ሁለቱን ቋሚዎችና የታችኛውን አግዳሚ በቀስታቸው ቆረጥናቸው። ለላይኛው አግዳሚ ግን ዘጠና ሁለት ላሜራ ጎደለን።

እትዬ አንጓች ጥግ ላይ ወደቆመው የብየዳ ማሽኔ አዩ። አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ውስጡ ያለው ላሜራ ግን ጥሩ ነው። «እሱን እንፍታው» አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ከመንገዱ መዘጋት በኋላ ወርክሾፑ የሚኖረው በዚያ ማሽን ነበር፤ ከፈታነው ደግሞ ሌላ አናገኝም። አልተከራከሩኝም። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ የማውቀው ሰው ዘንድ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አለ፣ ሄጄ እጠይቃለሁ አሉ። ያ ማለት ቢያንስ አንድ ቀን መጨመር ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትሞክራለች፤ ኔትወርክ የለም።

በማግስቱ ጧት እትዬ አንጓች ለጎረቤታቸው ቀብር ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ከሥራው የተረፉ ሰፋፊ ቁራጮች ነበሩ። ርዝመታቸው በቀስቱ አቅጣጫ አይበቃም፤ አግድም ከተቆረጡ ግን ይበቃሉ። አንዱን አነሣሁና ቆረጥኩት። ልኩ መጣ። ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ለሕፃናቱ ነው እያልኩ ዘጠና ሁለቱንም ጨረስኳቸው። ለሕፃናቱ ብቻ እንዳልሆነ የብየዳ ማሽኑን ላለማየት ዓይኔን እያሸሸሁ ሳልፍ ይሰማኝ ነበር። ጠርዛቸው የጎረበጠውን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ከዚያ የእትዬ አንጓችን ጠመኔ አነሣሁና በእያንዳንዱ ላይ ቀስት ሠራሁ፤ በቁመቱ፣ ልክ እሳቸው እንደሚሠሩት።

ሲመለሱ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ላሜራ አግኝቼ ጨረስኩት አልኳቸው። ከላይ ያለውን አነሡ። ቀስቱን አዩ። አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት፤ ትንሽ ቆም ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ሲስተር ጥሩወርቅን በበሩ በኩል አዩና ላሜራውን መልሰው አስቀመጡት። «ተባረክ። ለነዚያ ልጆች አንድ ቀን አተረፍክላቸው» አሉኝ።

ገጠምነው፣ አሠርነው፣ ሽቦውን ጠምጥመን ጨረስን። በሦስተኛው ቀን ጧት መብራት ሲመጣ ሰካነው። የሚወጣው ቮልት ልክ ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ እጆቿን አጋጠመች። እትዬ አንጓች ግን ጆሯቸውን አቀረቡ። ድምፁ ወፍራም ነው። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት የሚወስደውን አምፔር ለኩ፤ ካሰቡት እጥፍ ሆነ። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የላይኛው አግዳሚ እጅ አያስነካም ነበር።

«አይሄድም» አሉ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ተነሣች። ጧት ኔትወርክ ለትንሽ ጊዜ መጥቶ ጤና ጣቢያ ያሉትን አግኝታቸው ነበር፤ ትንሹ ልጅ ጡት መሳብ አቁሟል ብለዋታል። ይሠራል አይደል፣ ቮልቱ ልክ ነው አይደል ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዞሬ ለእትዬ አንጓች ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቀው፣ ሲግል ያጥፉት አልኳቸው። ሕፃናት ያሉበት ክፍል ውስጥ የሚቃጠል ነገር አላስገባም አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። ሲስተር ጥሩወርቅ እያለቀሰች፣ ልጁ ቢሞት በእርስዎ ነው አለቻቸው።

«በእኔ ነው» አሉ። «የሽቦውንና የላሜራውን ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ወረቀታቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው ጀምረው መደመር ጀመሩ። እርሳሱ በተቆረጠው ጣታቸው ጉማጅ ላይ ተደግፎ ሲሄድ እያየሁ ቆሜያለሁ። ስሌቱ ትክክል ሆነ። እንደገና ሠሩት። ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቄው ይሆናል ብለው አላሉት፣ እንደገና ለኩ፤ ያው ነው። ሲስተር ጥሩወርቅ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች። እኔ መፍቻ አቀብላለሁ።

በመጨረሻ የላይኛውን አግዳሚ ፈቱት። ገና ትኩስ የሆነ አንድ ላሜራ በጨርቅ ይዘው መዘዙ፣ ስንገጥመው የቀባነውን ቫርኒሽ በምላጭ ፋቁ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ብዙ ቆዩ። ሌላ መዘዙ። ሌላ። ከዚያ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። ሲስተር ጥሩወርቅ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዘጠና ሁለት» አልኳቸው።

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ሄደው የብየዳ ማሽኑን ብሎን መፍታት ጀመሩ። እኔም ሌላ መፍቻ ይዤ በወዲያኛው በኩል ጀመርኩ። ፈታነው፣ ላሜራውን አወጣነው፣ እያንዳንዱን በብርሃን እያዩ ቀስት ሠሩበት፣ ቆረጥነው። ቀኑ እዚያው መሸብን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰካነው። ድምፁ ቀጭን ሆነ። አምፔሩ እሳቸው ወረቀት ላይ ከጻፉት ቁጥር ጋር ገጠመ። ሁለት ሰዓት ጠበቁት፤ አግዳሚው ለብ ከማለት አላለፈም። ለሲስተር ጥሩወርቅ፣ አሁን ይሄዳል አሏት። እኔ ልሂድ፣ ልትከለው ብዬ ተነሣሁ።

«አንተ ቅር» አሉኝ።

እሳቸውና ሲስተር ጥሩወርቅ በባጃጅ ወጡ። ሁለት ቀን አላዩኝም፣ አላየኋቸውም። ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራ ነገር ስላልነበረኝ ዘጠና ሁለቱን ላሜራ እየቆጠርኩ ተቀምጬ ዋልኩ። ሲመለሱ ነጠላቸው ጭቃ ነክቶታል። ስታብላይዘሩ እየሠራ ነው፣ ሁለቱ ልጆች ማሞቂያ ውስጥ ናቸው አሉኝ። ሦስተኛውስ አልኩ። እነሱ ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ነበር ያረፈው።

ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ቀደም ብለን ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አላውቅም አሉ። ሲስተርም አላወቀችም፤ በጣም ትንሽ ነበር ብላቸዋለች። መጀመሪያውኑ የብየዳ ማሽኑን ፈትተነው ቢሆን ኖሮ አልኩ። እሱንም አላውቅም አሉ። ውሃ አምጥተው ሰጡኝ።

ቆየት ብዬ ለሲስተሯ የነገሯትን ጠየቅኋቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ ጠይቃቸው ነበር፤ የእኔ ነው ብለዋታል። ለምን አልኳቸው። ከዚህ ወርክሾፕ ሌላ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ እንደሌለ፣ ሰው ባለቤቱን ካላመነው ነገ የሚቃጠለውን ይዞ የሚሄድበት እንደማይኖረው፣ እሳቸው ግን ቢወቀሱም ቢመሰገኑም ለውጥ የሌለው አሮጊት እንደሆኑ ነገሩኝ። ማመስገን ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ይቅር አላልኩህም። ዝም ነው ያልኩት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ስለ ነገሩ አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም አላነሣሁም። ቀስት ግን አልሠሩልኝም፤ ላሜራውን ሰጥተውኝ ይቆማሉ፣ በብርሃን አይቼ እስክሠራ ይጠብቃሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ወደ እህታቸው አገር ጉንደ ወይን ገቡ። በበዓል እደውልላቸው ነበር። ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል፤ ደህና ነው እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ይኼን ነበር ለሲስተር ጥሩወርቅ መንገር የነበረብኝ። ጉንደ ወይን ስንደርስ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ነበር። አፈር ሲመለስ ቆመን አየን። ሕዝቡ ወደ ለቅሶ ድንኳኑ ሲያቀና እሷን ከግቢው አጥር ሥር አስቀርቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ የብየዳ ማሽኑን፣ አግድም መቁረጤን፣ የውሸቱን ቀስት፣ እሳቸው ሲደምሩ ቆሜ ማየቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እናቲቱ ማን ነው ያዘገየው ብላ ጠይቃኝ ነበር» አለች። «አንዲት ሴትዮ ተሳስተው ነው ብዬ ስማቸውን ነግሬያታለሁ።»

እናቲቱ በሕይወት ትኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። አለች፣ ደምበጫ በገበያ ቀን ሽንኩርት ትሸጣለች አለችኝ። ስሟ ይታጠቁ ነው። እኔ አንተን ተክቼ አልነግራትም ብላኝ ወደ ድንኳኑ ገባች። ስንመለስ በሌላ ሚኒባስ ሄደች።

በገበያው ቀን ደምበጫ ሄድኩ። ሽንኩርት ተራ ሦስት ሰው ጠይቄ አገኘኋት። ወጣት ናት፤ ሌላ ልጅ አዝላለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት። ያለችውን ሁሉ ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። እጇ ሽንኩርት መደርደሩን አቆመ። ከዚያ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እሳቸው ጠየቀችኝ።

«ሴትዮዋ አሉ?»

«ባለፈው ሳምንት አረፉ» አልኳት።

«እኔ እኮ ረግሜያቸው ነበር» አለች። «ስማቸውን እየጠራሁ። ስንት ዓመት ሙሉ።»

አንድ ገዢ መጥቶ ዋጋ ጠየቀ፤ አልመለሰችለትም፤ ሄደ። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ እጇን ወደ ኋላ ልካ ደገፈችው። በመጨረሻ የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ አለችኝ። ለቄሱ ሰጥታ ልታስጸልይላቸው ነው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አላውቀውም ነበር። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ለእህታቸው ልጅ ደወልኩ። ሦስቴ አልሠራ ብሎኝ በአራተኛው አነሣች።

«ወለተ ሥላሴ» አልኳት ለይታጠቁ።

እንዳይጠፋባት በከንፈሯ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሽንኩርቷ አዞረች፤ እኔን ሂድም፣ ተቀመጥም አላለችኝም።